ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስቱዲዮ ልከራይ ነው፤ የድሮ ቤት ይሻለኛል ወይስ ኮንዶሚኒየም?

የወሎዋ | ኅዳር 4 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ሥራ አግኝቼ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እገባለሁ። ለጊዜው ያረፍኩት አያት፣ አክስቴ ቤት ነው። ከአያት ስድስት ኪሎ በታክሲ መመላለስ ምን እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም፤ ለማታውቁት ደግሞ ፈጣሪ አያሳያችሁ።

በእግሬ የምመላለስበት፣ ብቻዬን የምሆንበት ስቱዲዮ ብዬ ሁለት ሳምንት ከደላላ ጋር ዞርኩ። ያየሁትን ሁሉ አልዘረዝርም (አንዱ «ስቱዲዮ» ከደረጃ ሥር ያለ ጓዳ ነበር፤ ቀና ብዬ መቆም አልቻልኩም)። በመጨረሻ የቀሩኝ ሁለት ናቸው።

አንዱ አራት ኪሎ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የራሱ ሽንት ቤትና ሻወር አለው፣ ጥግ ላይ ማብሰያ አለው። 15,000 ብር፣ የስድስት ወር በቅድሚያ። ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ የሌላ ብሎክ መስኮት ፊት ለፊት። የሚያስጠላ ነገር የለውም፤ የሚወደድም ነገር የለውም።

ሁለተኛው ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ አርመን ሰፈር አጠገብ ያለ የድሮ ቤት ነው። የታችኛው ድንጋይ፣ የላይኛው ጭቃና እንጨት፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ። ደላላው ስቱዲዮ የሚለው የላይኛውን ሳሎን በቺፑድ ከፍለው ያወጡትን ክፍል ነው። ጣራው ሩቅ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ሁለት ተካፋች። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ በጋራ። 9,000 ብር፣ የሦስት ወር። ያሉበት እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ስለ ውል ስጠይቃቸው «ልጄ ነሽ፣ በመሃላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሁለተኛው ላይ ነው። ምን ልጠይቅ? ምን ልይ?

ደጃች ውቤ | ኅዳር 4

«ልጄ ነሽ» ያለ አከራይ በሦስተኛው ወር «የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ልቀቂ» ይላል። ስንቱን አይተናል።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ | ኅዳር 4

እህቴ፣ ሁለቱም ላይ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ፤ ከዚያ እንጀምር።

መጋቢት 2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሠራው ወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ የኮንዶሚኒየሙ ስድስት ወርም፣ የእናትየዋ ሦስት ወርም ከሕግ ውጪ ነው። ኪራዩም በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በስልክ በሚከፈል ሕጋዊ መንገድ ነው የሚገባው። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው ልክ ብቻ።

ይህ ሁሉ የሚያገለግልሽ ግን አከራይሽ የማከራየት መብት ያለው ሰው ከሆነ ነው። ባለቤት ከሆነ ካርታውንና መታወቂያውን አመሳክሪ። በወኪል ከሆነ ውክልናው ላይ «የማከራየት» የሚል ቃል ፈልጊ፤ «የማስተዳደር» የሚል ብቻ ከሆነ ቆም ብለሽ ጠይቂ። የድሮው ቤት ካርታ አለው ወይ? ይህን ሳታውቂ ስለ በረንዳው አታስቢ።

የወሎዋ | ኅዳር 4

ካርታ? ሴትዮዋ እዚያ ቤት ከ50 ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ልጆቻቸውን ሁሉ እዚያ ነው ያሳደጉት። የእሳቸው መሆኑን መጠየቅ ራሱ ነውር መስሎ ታየኝ።

ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ | ኅዳር 5

የኔ እህት፣ «50 ዓመት» ስትይ ነው የደነገጥኩት። ቁጭ በይና ላውራሽ፤ ረዘም ይላል።

የተወለድኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። አያቴ ቤቱን የተከራየችው በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ ነበር። ሐምሌ 1967 አዋጅ 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ሰው ከሚኖርበት ቤት በቀር ሌላው ተወረሰ። ነጋዴውም ቤቱን አጣ፤ አያቴ ግን የትም አልሄደችም። ኪራይ የምትከፍልበት መስኮት ብቻ ተቀየረ። እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተደለደለ፤ አያቴ ቀበሌ ደረሳት። ኪራዩም እንዲያውም ቀነሰ። እናቴ የምትከፍለው ገንዘብ አንድ ኪሎ ቡና የማይገዛበት ዘመን ድረስ በዚያው ሄደ።

ስለዚህ ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ አርመን ሰፈር፣ ያማረ የድሮ ቤት ባየሽ ቁጥር የሚኖርበት ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። ሃምሳ ዓመት ኖሮበት፣ ልጅ ድሮበት፣ ሰርጎበት፣ ሬሳ አውጥቶበት፣ ግን ተከራይ ነው። ውሸት እየተናገረ አይደለም፤ «ቤቴ» ሲል ከልቡ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ቤታችን ነው የምለው።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ እንደተጎሳቆሉም ከዚህ ይገባሻል። ቀበሌ ከዚያች ኪራይ ምን ያድሳል? ተከራይ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ ላድስ ቢልም ፈቃዱ ቀላል አይደለም። ቆርቆሮው ሲቀደድ በጣሳ ክዳን ይደፈናል፣ ልጅ ሲያገባ ሳሎኑ በቺፑድ ይከፈላል፣ ጡረታ አልበቃ ሲል አንዷ ክፍል ለደባል ትከራያለች። አንቺ ያየሽው «ስቱዲዮ» እንደዚህ የተወለደ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛም ደባል ነበረን። ከኋላ ባለችው ክፍል ስድስት ዓመት የኖረ ልጅ፤ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። እናቴ ስትታመም ቀድሞ ታክሲ የሚጠራው እሱ ነበር። 2016 ላይ ሰፈሩ ሲነሳ ሰዎቹ መዝገብ ይዘው መጡ፤ ውሉ በእናቴ ስም ስለነበረ እኛ ምትክ ተሰጠን፤ ከተማ ዳር ቢሆንም ቤት ነው። የእሱ ስም በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። የስድስት ዓመት ኪራይ የከፈለበት አንዲት ደረሰኝ የለውም፤ እኛም አልሰጠነውም፤ ብንሰጠው እኛ ነበርን የምንጠየቀው። አልጋውን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ እናቴ አጃቢ ይመስል እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ጥያቄሽ ነውር አይደለም። «እማማ፣ ቤቱ የቀበሌ ነው ወይስ የግል?» በይ፣ በቀጥታ። የሰፈሩ ሰው ለዚህ ጥያቄ ለምዷል፣ አይቀየሙሽም።

ደጃች ውቤ | ኅዳር 5

@ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ ጋሼ፣ አስለቀስከን። የት አካባቢ ነበራችሁ? እኛ ከማህሙድ ሙዚቃ ቤት ወረድ ብሎ።

ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ | ኅዳር 5

ኧረ ጎረቤት ነን! በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

መብራት ሠሪው | ኅዳር 5

የባለቤትነቱን ለሕግ ሰዎች ትቼ በሙያዬ ልናገር። የድሮ ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው ቫልቮላውን ነው። ክዳኑን ክፈቺና እይ። ቫልቮላው ተቃጥሎ የመዳብ ሽቦ ጠቅልለው ከሰኩበት ከዚያ ቤት ውጪ። ቫልቮላ የተሠራው ቀድሞ ተቃጥሎ ቤቱን ለማዳን ነው፤ ወፍራም ሽቦ ካስገባሽበት መጀመሪያ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይሆናል።

እንጀራ ትጋግሪያለሽ? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። የድሮ መስመር የተዘረጋው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነው። ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ለብቻው ከቆጣሪው መምጣት አለበት። በዲቫይደር ላይ ምጣድ፣ ካውያና ፍሪጅ ሰክተው የሚኖሩ አይቻለሁ፤ ሶኬቱ ቡኒ ሆኖ ቀልጦ። ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ወለሉ ደረቅ ጣውላ። እንጨትና ጣውላ ሲያያዝ ምን እንደሚመስል ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል የተቃጠለ ቀን ፒያሳ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ሌላው ቆጣሪ ነው። ስንት አባወራ ነው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀመው? የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ብዙ ኪሎዋት በበላሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ይወጣል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ትንሽ ቢጠቀምም ድምሩ ውዱ ደረጃ ላይ ይወድቃል። አንቺ ውሎሽ ቢሮ፣ የምታበሪው ማታ ሁለት ሰዓት፣ የምትከፍይው ግን የጎረቤትን ምጣድ ነው። «መብራት ስንት ነው የምንካፈለው፣ በምን?» ብለሽ ጠይቂ። በሰው ቁጥር ከሆነ እሺ፤ በክፍል ቁጥር ከሆነ ብቻሽን ለምትኖሪው ጉዳት ነው።

አዳምስ ሞርጋን | ኅዳር 6

ከዲሲ ሰላምታ። እዚህም የድሮ ሰፈር ፍቅር አለብን፤ አበሻው መጀመሪያ የሰፈረው አዳምስ ሞርጋን ነበር፣ እኔም ስመጣ መቶ ዓመት ያለፈው ሕንፃ ውስጥ ስቱዲዮ ነበርኩ። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሌሊቱን ሲያንኳኳ ያድር ነበር። ግን አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ማስያዣ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፣ ስትለቂም በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ፣ ካልመለሱም ምክንያቱን ይጽፋሉ። የስድስት ወር በቅድሚያ የሚባለውን እዚህ ያሉ ጓደኞቼን ብነግራቸው አያምኑኝም።

ደላላ ነኝ አትሳደቡ | ኅዳር 6

ወንድሜ እዚያው ዲሲህ ተቀመጥ። 😀

እኔ በሙያው 11 ዓመቴ ነው፣ እዚህ የሚጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደላላ ያመጣዋል የሚሉት ነገር ሁሉ አከራዩ የሚለው ነው። ስድስት ወር አምጣ የሚለው እኔ ነኝ እንዴ? ካዛንቺስ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎና ቀበና ላይ ፈላጊው በዛ፤ ጠዋት ያሳየሁት ቤት ከሰዓት ይያዛል። የወሎዋ፣ አንቺ ሁለት ሳምንት እየዞርሽ «ልቤ እዚያ ነው» ስትዪ ሦስት ሰው አይቶት ሄዷል።

የቀበሌ ቤት መሆኑን ደላላው ያውቃል? አዎ፣ ያውቃል። ካልጠየቁት ግን አይናገርም። እኔ ግን ሲጠይቁኝ እናገራለሁ።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ | ኅዳር 6

ሳይጠየቅ የማይናገር ደላላ አሥር ፐርሰንቱን ከተከራይም ከአከራይም ሲቀበል ግን ሳይጠየቅ ነው።

ደላላ ነኝ አትሳደቡ | ኅዳር 6

ነዳጅ፣ ስልክ፣ ጫማ። ቀጥል።

አራተኛ ፎቅ | ኅዳር 6

ስለ ኮንዶሚኒየሙ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልበል፤ እዚያው አካባቢ ሌላ ብሎክ ላይ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስቱዲዮ፣ 30 ካሬ የማይሞላ።

ውሃ በፈረቃ ነው። የሚመጣበትን ቀን ጎረቤት ጠይቂ፣ አከራይ አትጠይቂ፤ አከራይ «ሁሌ አለ» ነው የሚለው። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ቢመጣም ግፊቱ አይደርስም፤ ታች ያሉት ከቀዱ በኋላ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው ጠብ የሚለው። ብሎኩ ሮቶና ፓምፕ ካለው ተገላገልሽ፤ ከሌለው ጄሪካን በደረጃ። በርሜል የሚቀመጥበት ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ የለም፤ የኔ ሻወር ውስጥ ነው ያለው፣ ቆሜ የምታጠበው ከበርሜሉ ጋር ተቃቅፌ ነው።

ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ የጎረቤትሽን ስልክ ትሰሚያለሽ። የኔ ጎረቤት ከእጮኛው ጋር ተለያይቶ ታረቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ አብሬው ነበርኩ። ልብስ የሚሰጣው ኮሪደሩ ላይ ስለሆነም ማን ምን እንደሚለብስ ብሎኩ ሁሉ ያውቃል።

ጥሩውን ልንገርሽ፤ በርሽን ዘግተሽ የምትገቢበት ቤት ነው። ማንም «ማታ ሦስት ሰዓት በር ይዘጋል» አይልሽም፣ እንግዳሽን አይቆጥርም። ለብቻዋ ለምትኖር ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ነበር የተከራየሁት፤ ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ መታወቂያ ነው የጠየቁት።

እትዬ ቀበና | ኅዳር 7

ልጆቼ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ሁሉም አከራይን ይሰድባል፣ እኔም ልናገር እንጂ። የራሴ ግቢ አለኝ፣ ሰርቪሱን አከራያለሁ። ሁለት ዓመት ሲሉን የፈራነው ለምን መሰላችሁ? ክፉ ተከራይ ሲገጥም ማስወጣት ዓመት ይፈጃል። አንዱ አምስት ወር ሳይከፍል ኖሮ፣ ሲወጣ አምፖሉን ነቅሎ ሄደብኝ። አምፖል! ስድስት ወር በቅድሚያ የምንለውም ከፍርሃት ነው፤ ስግብግብነት ያለበትም አለ፣ አልክድም።

አሁን ግን ወረዳ ሄጄ አስመዝግቤ ነው የማከራየው። ወረፋው ግማሽ ቀን ወሰደብኝ እንጂ ሌላ ችግር አላየሁበትም። ተከራዬም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ።

ለወሎዋ ልጅ፦ የድሮ ቤት ከወደድሽ በክረምት እይው። በኅዳር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። አሁን ማየት ካለብሽ ደግሞ ግድግዳው ሥር አንድ ክንድ ያህል ቀለሙ የተላጠ፣ ያበጠ ከሆነ ውሃ ይስባል። አዲስ ኖራ እታች ብቻ ከተቀባም ያው ነው፣ ሸፍነውት ነው። ምሰሶውን በጣትሽ አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ምስጥ በልቶታል።

የወሎዋ | ኅዳር 9

ተመልሼ ሄድኩ። ሁሉንም ልንገራችሁ።

ቫልቮላው ላይ ሽቦ የለም፤ ግን ክዳንም የለም። ግድግዳው ሥር አዲስ ኖራ አለ፣ እትዬ ቀበና እንዳሉት። ምሰሶውን ሳንኳኳ እናትየዋ «ምነው ልጄ፣ ሰው አለ ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። አልተቀየሙም። «የቀበሌ ነው እንጂ፣ የማን ይሆናል» አሉ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው። ባላቸው ናቸው መጀመሪያ የተዋዋሉት፤ አሁን በእሳቸው ስም ነው። ልጃቸው ውጭ አገር ነው፣ መላክ አቁሟል። የክፍሏን ኪራይ ለመድኃኒት ነው የሚያውሉት፤ ስኳር አለባቸው። «ማንም አይነካሽም፣ ያለፉትም ልጆች በሰላም ነው የወጡት» አሉኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ስለ ራሴ ብቻ ሳይሆን ስለ እሳቸውም ጨነቀኝ። እኔ ብከራይ እሳቸው ላይ ችግር ይመጣል?

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ | ኅዳር 9

ይመጣል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይፈቀድለትም፤ ከተደረሰበት ውሉን እስከ ማጣት ያደርሳል። አንቺ ደግሞ ወረዳ ሄደሽ ውል ላስመዝግብ ብትዪ ራስሽ አጋለጥሻቸው ማለት ነው፤ ለዚህ ነው «ወረቀት ምን ያደርጋል» ያሉሽ። ስለዚህ ውል አይኖርሽም፣ ውል ከሌለ ደግሞ ያ አዋጅ ከነአንቀጹ ለአንቺ የለም።

አንድ ተጨማሪ፦ ያ ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። ሳሎን በቺፑድ መክፈልም መለወጥ ነው።

ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ | ኅዳር 9

ሕጉ ልክ ነው፤ እኔም የምልሽ አትግቢ ነው። ግን እናቲቱን እንደ አጭበርባሪ የሚያይ ሰው ካለ ይተው። መድኃኒት የሚገዙት በዚያች ክፍል ነው።

በነገራችን ላይ ያ ሰፈር በደንብ የሚታወቅ ሰፈር ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆነው ነው የመጡት፤ አርመኖቹ ቤተ ክርስቲያናቸውንና ትምህርት ቤታቸውን የሠሩት እዚያው ነው። የሙሴ ሚናስን ባለ እንጨት በረንዳ ቤት ያየ ሰው ለምን ልብሽ እዚያ እንደቀረ ይገባዋል። ቅዳሜ ሄደሽ ዙሪያውን እይው፣ ለማየት ኪራይ አይከፈልም።

የወሎዋ | ኅዳር 10

እሺ። የድሮውን ተውኩት። ለእናትየዋ ለመናገር ራሴ ሄድኩ፤ በስልክ አልሆነልኝም። ስኳር የሌለው ቡና አብረን ጠጣን።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተመለስኩ። ደላላው አከራዩን አገናኘኝ። የቅድሚያውን ነገር ስነግረው «እሺ የሁለት ወር ይሁን» አለ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ግን ውሉ ላይ 8,000 ነው የምንጽፈው፣ ቀሪውን 7,000 በእጅ ትሰጪኛለሽ» አለኝ። ለግብር ነው መሰለኝ። ይህስ?

አራተኛ ፎቅ | ኅዳር 10

የኔም አከራይ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የተለመደ ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ | ኅዳር 10

መለመዱማ ተለምዷል። ያለ ደረሰኝ በየወሩ 7,000 ብር፣ በሁለት ዓመት 168,000 ብር ነው፤ ከፍለሽ «አልከፈለችኝም» ቢል ምን ታሳያለሽ? በእርግጥ ለእሱም አይበጅም፤ ወረዳ ያለው ወረቀት 8,000 ስለሚል የሚመጣው ጭማሪ ሁሉ የሚሰላው ከ8,000 ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ጭማሪውንም በእጅ ነው የሚጠይቅሽ፣ በፈለገው መጠን። ሕጉን በግማሽ ተከራየሽው ማለት ነው። እኔ አልፈርምም።

ደላላ ነኝ አትሳደቡ | ኅዳር 10

የሚፈርም ሞልቷል። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ላሳየው ነው፣ ቅር እንዳይልሽ።

እትዬ ቀበና | ኅዳር 11

ልጄ፣ የኔ ሰርቪስ ተይዟል እንጂ ላንቺ ነበር። ግን ከግንፍሌ ድልድይ ወደኛ ስትመጪ ያሉ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከግቢያቸው ጀርባ አንድ ክፍል አላቸው። ሻወርና ሽንት ቤት ለብቻው ነው። ካርታ አላቸው፣ አይቼዋለሁ፤ ስንት ጊዜ አብረን ለግብር ተሰልፈናል። በረንዳ የለውም። ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ደላላ አያስፈልግም።

ደላላ ነኝ አትሳደቡ | ኅዳር 11

እትዬ፣ እንጀራዬን።

የወሎዋ | ኅዳር 18

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ትናንት ገባሁ። ቀበና ነው፣ ከሥራ 25 ደቂቃ በእግር፤ ስመለስ ቁልቁለት ስለሆነ 20። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ የጎረቤት አጥር ላይ ነው የሚያየው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነውና ዝናብ ሲመጣ ስልክ ማውራት የሚቻል አይመስለኝም። 11,500 ብር። ጋሼ (መምህሩ) ውሉን ራሳቸው በእጅ ጽፈው አመጡ፣ ሰረዝና ነጥብ ሳይቀር፤ ወረዳ ስንሄድ ግን ፎርሙ የእነሱ መሆን አለበት ተባልን፣ በጣም አዘኑ። ሁለት ዓመት፣ የሁለት ወር ቅድሚያ፣ በባንክ። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ፤ ሮቶ አለ። በር የሚዘጋበት ሰዓት ጠየቅኳቸው፤ «ቁልፍ ሰጥቼሽ የለ?» አሉኝ።

አርመን ሰፈር ያሉት እናት ደውለውልኝ ነበር። ክፍሏን ሌላ ልጅ ይዟታል። ስለ ቫልቮላው ክዳን ንገሪው አሉኝ፣ እኔ ካልኩት ጀምሮ ፈርተዋል። እሁድ ቡና ጠርተውኛል።

መብራት ሠሪው | ኅዳር 18

እንኳን ደስ አለሽ። እሁድ ስትሄጂ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ክዳኑን አመጣላቸዋለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። የአንቺንስ ቆጣሪ አየሽው?

የወሎዋ | ኅዳር 18

አላየሁትም። 🙈 አሁን ልውጣ፣ ባትሪ ልፈልግ።